ያልተመለሱ ሽማግሌዎች

ቀጠሮ ይዘው የሄዱ ሽማግሌዎች ሳይመለሱ ቀሩ ማለት እምቢታ ነው። ወረቀት አይጻፍበትም፣ ስልክ አይደወልበትም፤ አገር ግን ይሰማዋል። በማግስቱ ወፍጮ ቤት ወረፋ ላይ ሴቶቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ምን ተገኘባት ይሆን?" ይባባላሉ። የተገኘውንም ራሳቸው ፈልገው ያመጡታል።

ቢሊሴ ቀነዓ ይህን ሦስት ወር ሙሉ ተሸክማዋለች።

ነገሩ ሲጀመር ያማረ ነበር። ሦስት ሽማግሌዎች ከአዳማ ወለንጪቲ ድረስ መጥተው፣ ደጃፋቸው ላይ ዱላቸውን ተደግፈው ቆሙ። ቁጭ በሉ ሲባሉ "የመጣንበት ሳይሰምር አንቀመጥም" አሉ። ለምንተስኖት ነበር የመጡት፤ ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ በትራንዚተርነት ለሚሠራው፣ አዳማ መሀል ከተማ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ውስጥ ላደገው ምንተስኖት። አባቷ ቀነዓ ዕድሜ ልኩን ድንጋይ ሲፈልጥ የኖረ ሰው ነው። ልቡ በደስታ ሊፈነዳ ደርሶ ሳለ እንደ ወጉ ፊቱን ቋጠረና "ዘመድ ላማክር። የዛሬ ሁለት ሳምንት፣ እሁድ ተመለሱ" አላቸው። ሴት ልጅ በአንድ ቃል አትሰጥም፤ የቸኮለ አባት ልጁን ያረከሰ ይመስላል።

እሁድ ደረሰ። አክስቷ ቡዜ ከገጠር፣ አጎቶቿ ከያሉበት መጡ። በግ ታረደ፣ ቄጠማ ተጎዘጎዘ። ረፈደ፤ ቀትር ሆነ፤ ቄጠማው ጠወለገ። "መኪና ተበላሽቶባቸው ይሆናል" አለ አባቷ። ትንሽ ቆይቶ ደገመው። ሲሠልሰው ቡዜ የልጅቷን ፊት ላለማየት ብላ የታጠበውን ሳህን እንደገና ታጥብ ጀመር።

ከዚያ ወዲያ ምንተስኖት አልደወለም። ቢሊሴም አልደወለችም። እሷ የምትደውል ሴት አይደለችም።

ባለፈው ሳምንት ግን የአዳማው ሚኒባስ ሾፌር የታሸገ ፖስታ ሰጣት። የእጅ ጽሑፉ የምንተስኖት ነበር፦

"ቢሊሴዬ፣ ሽማግሌዎቹን ያስቀረቻቸው እናቴ ናት። 'የድንጋይ ፈላጭ ልጅ ከምታመጣብኝ መጀመሪያ ቅበረኝ' አለችኝ። ሦስት ወር እግሯ ላይ ወደቅሁ። አሁን እሺ ብላለች። ቅዳሜ ከመሥሪያ ቤቴ ሰዎች ጋር ምሽጉን ልናይ እንመጣለን። እዚያው መልስሽን ስጪኝ። እሺ ካልሽኝ በማግስቱ ሽማግሌዎቹ ደጃችሁ ናቸው።"

አራት ጊዜ አነበበችው። በመጀመሪያው እሱን ረገመችው፣ በሁለተኛው እናቱን፣ በሦስተኛው ደግሞ ራሷን። በአራተኛው ተነስታ ፀጉሯን ታጠበች።

* * *

ምሽጉ ከወለንጪቲ ወጣ ብሎ ኮረብታ ላይ የተቀመጠ ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን ወደ አዋሽ የሚወርደውን መንገድ ሊጠብቅበት ሠራው፤ ሠራው ሲባል ግን ድንጋዩን የፈለጠው የቢሊሴ አያት ነው፣ በጅራፍ እየተገረፈ። ቢሊሴ የዚህ ቦታ አስጎብኚ ናት። ማንም አላስተማራትም። ግማሹን ከሽማግሌዎች አፍ፣ ግማሹን ሽፋኑ ከተገነጠለ የመጽሐፍ ፎቶ ኮፒ ለቅማ፣ የቀረውን ደግሞ ግድግዳውን በእጇ እየዳሰሰች ነው ያወቀችው። ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ምሁር አንዴ ሊያርማት ሞክሮ ነበር። ሁለተኛ አልሞከረም።

ምንተስኖትንም ያገኘችው እዚሁ ነው፣ የዛሬ ሁለት ዓመት። ያን ቀን ጎብኚዎች በሚፈርሙበት መዝገብ፣ አስተያየት በሚለው ቦታ ላይ "ግድግዳው ያስፈራል፤ አስጎብኚዋ ትብሳለች" ብሎ ጽፎ ሄደ። በሳምንቱ ሲመለስ ከሥሩ መልስ ጠበቀው፦ "ጎብኚው የፈራው ግድግዳውን ከሆነ ያልፍለታል።" እንዲህ እየተባባሉ መዝገቡን ግማሽ አደረሱት። ኮረብታው ላይ ኔትወርክ የለም፤ ፍቅራቸው በእስክሪብቶ ነበር።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ የነምንተስኖት መሥሪያ ቤት ኮስተር አውቶቡስ አቧራዋን አስከትላ ወጣች። አሥራ ስምንት ሰው ወረደ፤ ምንተስኖት በመጨረሻ። ከስቷል። ዓይኖቹ ዓይኖቿን ሲያገኙ ጎንበስ አለ፣ የጫማውን ማሰሪያ የሚያስር ይመስል። ጫማው ማሰሪያ አልነበረውም።

ከፊት የቀደሙት የመሥሪያ ቤቱ አንጋፋ ጋሽ ማናሴ ነበሩ፣ ቦርጫቸውን አስቀድመው። ቢሊሴ አወቀቻቸው፤ ደጃፋቸው ላይ ዱላ ተደግፈው ከቆሙት ሦስቱ አንዱ ናቸው።

"አካም ጅርታ፣ ልጄ" አሉ፤ ዓይናቸው መሬት ላይ ነው።

"ደኅና ነኝ፣ ጋሽ ማናሴ። መኪናችሁ ተሠራላችሁ?"

ሰውየው ምኑም አልገባቸውም። "ኧረ አልተበላሸም፣ አዲስ ነው" አሉ።

"እኛስ ሦስት ወር ሙሉ ተበላሽቶባቸዋል ስንል ነበር" አለችና ወደ በሩ አመራች። ምንተስኖት ፊቱ ሲቀላ በጎን አየች። ጥሩ፣ አለች በልቧ። ትንሽ ይቅላ።

"ግቡ፣ ግቡ፣ አትፍሩ" አለች በሩ ላይ ቆማ። ተግተልትለው ገቡና ከግድግዳ ጋር ተፋጠጡ።

"አሁን ሞታችኋል" አለቻቸው።

ሳቁ።

"በሩ ቀጥ ብሎ አይገባም። የገባ ሰው ግድግዳ ይገጥመዋል፤ ሊታጠፍ ነው። ሲታጠፍ ሩጫው ይሰበራል፣ ጎኑንም ይሰጣል። ያኔ ከላይ፣ ከዚያ ቀዳዳ ይለቁበታል። ጣሊያን የፈራው በሩን የሚሰብር ሰው አልነበረም፤ እየሮጠ የሚገባ ሰው ነበር።"

"የእኔዋ ሚስት ሳሎኑን እንደዚህ ነው ያደራጀችው" አሉ ጋሽ ማናሴ፤ "አምሽቼ ስገባ ቀጥታ ከቡፌው ጋር እጋጫለሁ፣ እሷ ከጎን ትለቅብኛለች።"

በሳቁ መሀል ማዕዘኑ ላይ ወዳለው ግንብ ወሰደቻቸው። ከግድግዳው አልፎ ወደ ውጭ ወጣ ብሎ የተሠራ ነው። "ግድግዳ ራሱ ዕውር ነው" አለች፤ "እግሩ ሥር የተለጠፈ ሰው ከላይ ላለው አይታይም። ስለዚህ ግንቡን ወደ ውጭ አወጡት። እዚህ የቆመ ዘበኛ የግድግዳውን እግር ከዳር እስከ ዳር ያያል።"

"ታዲያ የተጠጋ ሰው መደበቂያ የለውም?" የምንተስኖትን ድምፅ ሰማች። ከመጣ የመጀመሪያ ቃሉ ነበር።

"የለውም" አለች ዞራ። "እስኪጠጋ ነው የሚጠበቀው።"

ተያዩ። ሦስት ወር ያህል። አንዲት ወጣት ሴት ጓደኛዋን በክርኗ ጎሸም አደረገቻት። ቢሊሴ የራሷን ጉንጭ ሙቀት ስትሰማ ተናደደች፤ መናደዷ ግን አላቀዘቀዘውም።

* * *

ከጉብኝቱ ሁሉ ሰው የሚወድላት አንድ ጨዋታ አለ። ጎብኚዎቹን ከግድግዳው ውጭ ታቆምና እሷ ወደ ውስጥ ትገባለች። ግድግዳው ላይ ሰባት የተኩስ ቀዳዳዎች አሉ፤ ከውጭ ሲታዩ መዳፍ እንኳ የማያሳልፉ ስንጥቆች ናቸው፣ ከውስጥ ግን እየሰፉ መጥተው ትከሻ ያስገባሉ። የውስጡ ሰው ወዲያና ወዲህ እያለ ሜዳውን ሁሉ ያያል። የውጩ የሚያየው ጨለማ ብቻ ነው።

"በየትኛው ነኝ?" ብላ ጮኸች።

"ሦስተኛው!" "ኧረ አምስተኛው!" "ድምፅዋ ከላይ ነው የመጣው!"

አንደኛው ላይ ነበረች። እነሱ ሲከራከሩ እሷ ምንተስኖትን ታይ ነበር፤ ሳትታይ፣ ሳትሽኮረመም፣ እስኪበቃት። ግንባሩ ላይ የወረደውን ላብ አየች። ሸሚዙ አንገቱ ላይ እንደሰፋው አየች። እናቱ ናት፣ አለች፤ እሱ ምን ያድርግ? የእናት እንባን የሚረግጥ ወንድ ነገ ያንቺንስ ይምርልሻል? ደግሞ እኮ መጣ። አንገቱን ደፍቶ፣ ሰው ይዞ፣ በጠራራ ፀሐይ መጣ። እሺ እለዋለሁ። ጉብኝቱ ሲያልቅ፣ በሩ ጋ፣ እሺ እለዋለሁ።

ልቧ ይህን ሲል ቀዝቃዛው ድንጋይ ላይ ተደገፈች።

ሌሎቹ ጨዋታው ሲሰለቻቸው ፎቶ ሊነሱ ወደ ግንቡ ሮጡ። ጋሽ ማናሴ ጥላ ፍለጋ ግድግዳውን ተጠጉ፣ ከአንደኛው ቀዳዳ ሥር። ምንተስኖትም ተከተላቸው። ልትጠራቸው አፏን ስትከፍት የጋሽ ማናሴ ድምፅ ቀደማት።

"መኪና ተሠራላችሁ ወይ ስትለኝ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ምን ብለህ ነው የጻፍክላት ለመሆኑ?"

"እናቴ አስቀረቻቸው ብዬ።"

"ሸዋወርቅን! በስመ አብ! ያቺ ሴትዮ ለልጅቷ ነጠላ አሠርታ፣ ሰፈር ለሰፈር እያሳየች አይደል የከረመችው? ሴትዮዋን በቁሟ ሸጥካት እኮ!"

"እናት ይቅር ትላለች፣ ጋሼ።"

"አንተ ነህ የደወልክልኝ፤ ቅዳሜ ከሰዓት። 'እሁድ እንዳትሄዱ' ያልከኝ አንተ ነህ። ለምን ስልህም አልነገርከኝም። ዛሬ ካልነገርከኝ ሁለተኛ ዱላ አላነሳልህም።"

ቢሊሴ ወደ ስንጥቁ ተጠጋች። ከስንጥቁ ወዲያ የምንተስኖት ግማሽ ጆሮና ግማሽ አንገት ይታያታል።

"ከመደወሌ በፊት ባለው ዓርብ ከአለቃዬና ከጓደኞቼ ጋር በመኪና አዳማ ውስጥ እናልፍ ነበር" አለ በመጨረሻ። "መብራት ያዘን። አንድ የሚሠራ ሕንፃ አለ፤ አባቷ እዚያ በር ላይ ድንጋይ እየጠረቡ ነበር። አቧራ በአቧራ ሆነው። አዩኝና ተነሱ። አለቃዬ 'ይሄ ሽማግሌ አንተን ነው እንዴ?' አለኝ።"

"እሺ?"

"መስታወቱን ዘጋሁት።"

ጋሽ ማናሴ በጫማቸው ጠጠሩን ሲፍቁ ተሰማት።

"ከዚያ በኋላ በምን ዓይኔ ነው እሁድ ቤታቸው የምገባው? የሚቀረውም ይቅር አልኩ። ግን አልቻልኩም፤ ያለ እሷ አልቻልኩም፣ ጋሼ።"

* * *

ወደ ውጭ የሚወስደው መንገድ የሚታጠፍ ስለሆነ ረዥም ነው። ቢሊሴ አልሮጠችም። ስትደርስ ሁለቱም እዚያው ናቸው። ምንተስኖት ፊቷን አይቶ ቀዳዳውን አየ፣ ከዚያ መልሶ እሷን።

"ሰማሽ?"

"ግድግዳው ዓይን እንጂ ጆሮ አይከለክልም። ይህን ለጎብኚ አልናገርም፤ ለቤተኛ ነው።"

"ቢሊሴ፣ አባትሽን ንቄ አይደለም። በእናቴ ስም—"

"በእናትህ ስም ዋሽተህ ጨርሰሃል፤ ዕዳዋ እኔ ላይ ነው። ሦስት ወር ሙሉ ስረግማት ነበር። ይቅርታ ብላሻለች በልልኝ።"

"ልጄ፣ ረጋ በይ" አሉ ጋሽ ማናሴ።

"ረግቻለሁ፣ ጋሽ ማናሴ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቀው።" ወደ ምንተስኖት አንድ እርምጃ ቀረበች። "መስታወቱን ስትዘጋ እጁን ዘርግቶ ነበር?"

ምንተስኖት አንገቱን ደፋ።

"ጠየቅሁህ እኮ። አባቴ እጁን ዘርግቶልህ ነበር ወይ?"

"አዎ" አለ፤ ድምፁ አልወጣም ማለት ይቻላል። "መጀመሪያ ሱሪያቸው ላይ ጠረጉት።"

ይህችን ባይጨምር ምናልባት ትችለው ነበር። አባቷ ሰው ሊጨብጥ ሲል መዳፉን ጭኑ ላይ ሁለት ጊዜ እንዴት እንደሚያሽ ታውቃለች። አንድ ጊዜ ለአቧራው፣ አንድ ጊዜ ለአክብሮት።

"አሁን አንቱታውን አመጣኸው" አለች። "ጠረጉት፣ ተነሱ፣ ጠረቡ። መኪናው ውስጥ ምን ስትለው ነበር? ያ ሽማግሌ?"

"የፈለግሽውን ስደቢኝ። ነገ እኔው ራሴ መጥቼ እግራቸው ላይ እወድቃለሁ። ከሽማግሌዎቹ ፊት፣ ከዘመዶችሽ ሁሉ ፊት። ብቻ እሺ በይኝ።" እንባው አገጩ ላይ ደርሷል፤ አልጠረገውም። "ትወጂኛለሽ። ከዚያ ጀርባ ሆነሽ ስታዪኝ እኮ አትታዪኝም እንጂ ተሰምቶኝ ነበር።"

እውነቱን ነው። ያ ነው የባሰው።

"እወድሃለሁ" አለች ቢሊሴ። "ለራሴ ቢሆን ይቅር ብዬህ ነበር፤ ወለንጪቲ ሙሉ ያማኝን፣ ወፍጮ ቤቱን፣ ሁሉንም። የአባቴን እጅ ግን እኔ ይቅር የምለው አይደለም። የእኔ አይደለማ። ነገ ሽማግሌ ብትልክ በሩ ላይ እኔው ነኝ የምጠብቃቸው፤ እኔ ደግሞ ቀጠሮ አልሰጥም።"

እጁን ሊዘረጋ ጀመረና መልሶ ሰበሰበው።

ጉብኝቱ ገና ስለነበር ዞራ ሄደች። የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበትን ጉድጓድ አሳየቻቸው፤ ከጣሪያው በቦይ እንዴት እንደሚወርድ፣ ለስንት ወታደር ለስንት ቀን እንደሚበቃ ነገረቻቸው። አንድ ቃል አልሳተችም። ያቺ በክርኗ የጎሸመችዋ ወጣት ብቻ ደጋግማ ታያት ነበር። ኮስተሯ ቁልቁል ስትወርድ ምንተስኖት በየትኛው መስኮት በኩል እንደተቀመጠ ላለማየት ፊቷን ወደ ፀሐይ መለሰች፤ ዓይኗ ያነባው ለዚያ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም።

* * *

ቤት ስትደርስ አባቷ ጺሙን ተላጭቷል። ጠዋት "ነገ ሰው ሊመጣ ይችላል" ብላው ነበርና ከጎረቤት ስድስት ወንበር ተውሶ፣ ቅጥር ግቢው ውስጥ ደርድሮ፣ አንደኛው አንካሳ ስለሆነ እግሩ ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ እያስገባ ነበር።

"ይመጣሉ?" አላት ቀና ሳይል።

"አይመጡም፣ አባ። እኔ ነኝ አትምጡ ያልኩ።"

አሁን ቀና አለ።

ልትነግረው ያላሰበችውን ሁሉ ነገረችው፤ ቀዳዳውን፣ ስልኩን፣ ዓርቡን። መስታወቱ ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ከዳት። "አውቄያለሁ" አለች፤ "ያደረገህን ሁሉ አውቄያለሁ። ለአንተ ብዬ ነው እምቢ ያልኩት።"

አባቷ ከወንበሮቹ በአንዱ ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

"ቢሊሴ ኮ" አለ፤ 'የእኔ ቢሊሴ' ማለቱ ነው፣ እንደዚህ የሚጠራት ሲያማት ብቻ ነው። "ያን ዓርብ እኔም እኮ እዚያው ነበርኩ። መስታወቱ ሲዘጋ አይቻለሁ።"

"ታዲያ እሁድ ዘመድ ለምን ጠራህ? እንደማይመጡ እያወቅህ?"

"ምናልባት አላየኝ ይሆናል አልኩ። ፀሐይ ነበር። መስታወት ደግሞ ፀሐይ ሲመታው…" እጁን አወራጨ። "በግ ካረድኩ፣ ቡዜን ከጠራሁ፣ ያላየኝ ይሆናል።"

ቢሊሴ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች።

"ሳይመጡ ሲቀሩም መኪና ተበላሸ አልኩ። ሰዉ እንዲቀበለኝ ብዬ አልነበረም። አንድ ቀን ልጁ ራሱ ከተመለሰ የሚገባበት በር ይኑረው ብዬ ነው።" የአንካሳውን ወንበር እግር ነቅነቅ አደረገ። "እኔ እዚያው መብራቱ አረንጓዴ ሳይሆን ነው ይቅር ያልኩት። ልጅ ነው፤ አለቃው ፊት ነው። እኔስ? አባቴ ድንጋይ ተሸክሞ ሲመጣ ከሩቅ አይቼው፣ ከጓደኞቼ ጋር ስለነበርኩ በሌላ መንገድ ዞሬ አላውቅም? የልጅ ነገር ነው። ይበስላል። ጥሩ ባል ይወጣው ነበር።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ብነግርሽ ይቅር አትይውማ።"

ቢሊሴ ለሁሉ ነገር መልስ አላት ይሏታል። ምሁሩንም መልሳለች፣ ወፍጮ ቤቱንም፣ ምንተስኖትንም። ስልኳ እጇ ላይ ነበር፤ ኮስተሯ ገና አዳማ አልገባችም፤ አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ጣቷ ግን አልሄደም። የአባቷ ነው ብላ የያዘችው ቂም ባለቤቱ የጣለው ከሆነ፣ ታዲያ ይህ እዚህ ደረቷ ላይ ድንጋይ ሆኖ የተቀመጠው የማን ነው?

አባቷ ወንበሮቹን ሁለት ሁለት እያደረገ ለጎረቤት ሊመልስ ወጣ። ሦስት ጊዜ ተመላለሰ። አላገዘችውም። በሦስተኛው ሲያልፋት መዳፉን ጭኑ ላይ ሁለት ጊዜ አሸና ራሷን ዳሰሳት፤ እሷም ያኔ ነው፣ ሦስት ወር ሙሉ ያላለቀሰችውን፣ ማንን እንደምትረግም ሳታውቅ ያለቀሰችው።